ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ የሚያነበውን ባለ 24 ቢት የሙዚቃ ዲስክ ቤት ውስጥ መሥራት

አዳማ ውስጥ በብዙ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ስር ዲቪዲ ማጫወቻ አሁንም አለ። ዳንቴል ለብሶ፣ ሪሲቨር ተጭኖበት፣ ከዓመት በዓል ውጪ የሚነካው የለም። ይሄው ዴክ ግን ከሲዲ የተሻለ ጥራት ያለው ሙዚቃ ማጫወት ይችላል። የጎደለው ዲስኩ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በነጻ ሶፍትዌር ትሠሩታላችሁ።

«ፍላሽ እያለ ዲስክ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ኮምፒውተራችሁ ከጥሩ ስፒከር ጋር ከተገናኘ ዲስክ አያስፈልጋችሁም፤ ፋይሉን እዚያው ክፈቱት። ነገር ግን አብዛኛው ዴክ በፍላሽ መሰኪያው የሚያነበው ኤምፒ3 ነው፤ ባለ 24 ቢት ፋይል ስትሰጡት ዝም ይላል። በዚያ ላይ አባታችሁን በስልክ «ፎልደሩን ክፈት፣ አሁን ወደ ታች ውረድ» ከማለት ዲስክ አስገብተው ፕሌይ ቢጫኑ ይቀላል። መመሪያው ለእንደዚህ ዓይነቱ ቤት ነው።

የቱ ዓይነት ዲስክ?

ቁጥሮቹን ቶሎ ልጨርሳቸው። ተራ ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ይጽፋል። ሃይሬዝ የሚባለው ከዚህ ከፍ ያለው ነው። ብዙ ጊዜ 24 ቢት ሆኖ በ48፣ በ96 ወይም በ192 ኪሎኸርዝ (ማለትም በሰከንድ በዚያ ያህል ሺህ ጊዜ) የተለካ ነው፤ ሲጻፍም 24/96 እየተባለ ነው። ቢቱ ሲጨምር በጣም ቀስ ባለውና በጣም ጮክ ባለው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ሳምፕል ሬቱ፣ ማለትም በሰከንድ የሚለካበት ብዛት፣ ሲጨምር ደግሞ ፋይሉ የበለጠ ቀጭን ድምፅ መያዝ ይችላል፤ ጣሪያው የሳምፕል ሬቱ ግማሽ ነው። የሲዲ ጣሪያ 22 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ ቢበዛ እስከ 20 ድረስ ነው የሚሰማው፤ ዕድሜ ሲገፋ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ እኔ ከ96ቱ ይልቅ 24 ቢቱ ይጠቅማል ባይ ነኝ፣ በተለይ ራሳችሁ ከካሴት ወይም ከሸክላ ስትቀዱ።

አሁን ወደ ዲስኮቹ። ሱፐር ኦዲዮ ሲዲን እርሱት። ሶኒና ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ነው፤ ዲስኩ የሚታተመው ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ቤት የሚጻፍበት ባዶ ዲስክ ለገበያ አልወጣም። ብሉሬይ 25 ጊጋባይት ይይዛል፤ ግን መጻፊያውም ባዶ ዲስኩም ውድ ነው፤ ማጫወቻውም በየቤቱ የለም። ዲቪዲ ኦዲዮ የሚባለው ለዚሁ ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ግን የራሱን ዴክ ይፈልጋል። ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

የቀረው ተራው ዲቪዲ ቪዲዮ ነው። የፊልም ዲስክ የሚሠራበት ሥርዓት ያልተጨመቀ ድምፅ መያዝ እንደሚችል ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ኤልፒሲኤም ይባላል፤ 16፣ 20 ወይም 24 ቢት፣ በ48 ወይም በ96 ኪሎኸርዝ። ለዚህ ድምፅ በሰከንድ እስከ 6.144 ሜጋቢት ይፈቀዳል። ስቴሪዮ 24/96 የሚፈጀው 4.608 ስለሆነ በደንብ ይገባል። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ወይም ቋሚ ምስል ይሆናል፤ ዴኩ ፊልም ያገኘ ይመስለዋል፤ እናንተ ሙዚቃ ትሰማላችሁ። እኔ ለማንም ሰው መጀመሪያ የምመክረው ይሄንን ነው።

አንድ ባለ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ ላይ በ24/96 ሁለት ሰዓት ገደማ ይገባል፤ በ24/48 ወደ አራት ሰዓት። የአንድ ቤት ካሴቶች ጥቂት ዲስክ ላይ ያልቃሉ።

ዴኩን አስቀድማችሁ እዩት

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የዴኩን ሪሞት ያዙና ሴታፕ የሚለውን ተጫኑ። ኦዲዮ ሴታፕ ውስጥ ግቡ። ኤልፒሲኤም አውትፑት ወይም ዳውን ሳምፕሊንግ (96ን ወደ 48 ዝቅ ማድረግ) የሚል መስመር ፈልጉ። 48ኬ እና 96ኬ የሚል ምርጫ ካለ 96ኬ አድርጉት። ዳውን ሳምፕሊንግ ኦን/ኦፍ የሚል ከሆነ ኦፍ አድርጉት። ብዙ ዴክ ከፋብሪካ ሲወጣ 48 ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ይሄን ሳያዩ ዲስክ የሠሩ ሰዎች «ልዩነት የለውም» ቢሉ አይገርምም።

ምርጫው ጭራሽ የሌለበት ዴክም አለ። እንደዚያ ከሆነ በ24/48 ሥሩ፤ ቦታም ይተርፋችኋል።

ገመዱም ወሳኝ ነው። ቀዩና ነጩ ገመድ ወደ አምፕሊፋየር ወይም ወደ ስፒከር ከገባ ድምፁን የሚቀይረው ዴኩ ራሱ ነው። በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥን ከሄደ ደግሞ የምትሰሙት በቴሌቪዥኑ ስፒከር ነው፤ በቀጭን ቴሌቪዥን ስፒከር 24/96 መስማት ልፋት ነው። ያላችሁን ገንዘብ በቅድሚያ ስፒከሩ ላይ አውሉት።

ፋይሉ እውነት ሃይሬዝ ነው?

ሥራው የሚበላሽም የሚቃናም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይ። ከዩቲዩብ ወርዶ ወደ 24/96 የተቀየረ ዘፈን መጠኑ ያብጣል እንጂ አንድም ነገር አይጨመርበትም። ሲጨመቅ የወጣ ድምፅ ወጥቷል፤ ተመልሶ አይገባም። ፎልደሩ ላይ «24 ቢት» ተብሎ መጻፉም ማስረጃ አይደለም።

ማረጋገጫው ስፔክ የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ነው። ፋይሉን ጎትታችሁ ትጥሉበታላችሁ፤ ሙዚቃው በቀለም ተስሎ ይመጣል። ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜው ነው፤ ከታች ወደ ላይ ከወፍራም ወደ ቀጭን ድምፅ። ቢጫና ቀይ የሆነው ጮክ ያለው ነው፤ ጥቁሩ ምንም የሌለበት።

96 ኪሎኸርዝ ነው የተባለ ፋይል ከፍታችሁ ቀለሙ 22 አካባቢ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ከቆመና ከዚያ በላይ ጥቁር ከሆነ የተነፋ ሲዲ ነው። 20 አካባቢ ከቆመ ምናልባት ጥሩ ኤምፒ3 ነበር። 16 ላይ ከቆመ ደግሞ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ነው፤ እሱን ተዉት። ግን አትቸኩሉ። ክራር ብቻ ያለበት ዘፈን ላይ ቀለሙ ወደ ላይ እየደበዘዘ ቢጠፋ የመሣሪያው ባሕርይ ነው። ጸናጽል ያለበት ወረብ ብትከፍቱ ግን በእያንዳንዱ ምት ቀለሙ ወደ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ታያላችሁ። የምትጠረጥሩት ከዘፈን እስከ ዘፈን እዚያው መስመር ላይ የሚቆረጠውን ነው።

እውነተኛውን ከየት ታገኛላችሁ? ባንድካምፕን በመሳሰሉ የመሸጫ ገጾች ሙዚቀኛው በ24 ቢት ከጫነው በፍላክ ወይም በዌቭ (ድምፁን የማይቀንሱ የፋይል ዓይነቶች ናቸው) ታወርዱታላችሁ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል፤ ውጭ ያለ ዘመድ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ከሁሉም የሚቀርባችሁ ግን የራሳችሁ ሰዎች ሥራ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ወይም የሠፈሩ ባንድ ስቱዲዮ ገብቶ ቀድቶ ከሆነ፣ ስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፋይል ብዙ ጊዜ 24 ቢት ነው። የሚሰጣችሁ ግን ኤምፒ3 ነው፣ ካልጠየቃችሁ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ማስተሩን በዌቭ፣ በ24 ቢት፣ በተቀዳበት ሳምፕል ሬት ስጡን።» በቴሌግራም ከላኩት እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንዲያ ሲላክ አይነካም።

ሕጉን በአንድ መስመር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የገዛችሁትን ለቤታችሁ መገልበጥና አባዝቶ መሸጥ አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን አትሞክሩት።

ከካሴትና ከሸክላ መቅዳት

ለብዙ ቤት ትልቁ ሀብት ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ካሴት ነው። ካሴት ከፍተኛውን ቀጭን ድምፅ አይዝም፤ ስለዚህ 96 አያስፈልገውም፤ 24/48 በቂው ነው። ሸክላን በ24/96 ቅዱት። የሸክላ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ የዚያ ዘመን ባለ 45 ዙር ሸክላ ያለው ሰው ዲስኩን ብዙ ጊዜ እያጫወተ ከሚጨርሰው አንዴ በደንብ ቀድቶ ቢያስቀምጠው ይሻላል። የሸክላ ማጫወቻው በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር አይገባም፤ የሸክላውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ፎኖ ፕሪአምፕ መካከል ላይ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ማጫወቻ ከውስጡ አለው፤ ከኋላው ፎኖ/ላይን የሚል ማብሪያ ካያችሁ ላይን ላይ አድርጉት።

የላፕቶፑ ማይክራፎን ቀዳዳ ለዚህ አይሆንም። አብዛኛው ሞኖ ነው፤ ጩኸትም ይጨምራል። ስቴሪዮ ላይን ኢን (ከቴፕ የሚመጣው ድምፅ የሚገባበት ቀዳዳ) ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋችኋል። ሲሸጡላችሁ «ማይክ አለው» ካሏችሁ አይደለም፤ «ላይን ኢን አለው ወይ?» ብላችሁ አስረግጣችሁ ጠይቁ። ከቴፑ ላይን አውት በቀዩና በነጩ ገመድ ወደ ካርዱ ይገባል።

ቴፑን ከመክፈታችሁ በፊት ራሱን፣ ማለትም ካሴቱን የሚነካውን የብረት ጭንቅላት፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጉት። ጥጡ ላይ ቡናማ ነገር ከወጣ ገና ነው፤ ንጹሕ እስኪሆን ቀጥሉ። እስኪደርቅ ጠብቁ። ለዓመታት ያልተሰማ ካሴት ከሆነ እስከ መጨረሻው አንዴ አጠንጥናችሁ መልሱት።

መቅጃው ኦዳሲቲ ነው፤ ነጻ ነው። ሳምፕል ሬቱን 48000፣ ፎርማቱን 24 ቢት ወይም 32 ቢት ፍሎት አድርጉ። አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ ዊንዶውስ ላይ ኦዳሲቲ ሲከፈት ኤምኤምኢ በሚባለው መንገድ ነው የሚቀዳው፤ እሱ 16 ቢት ላይ ይቆማል። ኦዲዮ ሴቲንግስ ውስጥ ሆስት የሚለውን ዋሳፒ አድርጉት። ዊንዶውስ ራሱ የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ካርዱን 24 ቢት 48000 ላይ አድርጉት። ያለዚህ ፋይሉ 24 ቢት ይባላል እንጂ አይሆንም።

ካሴቱ ላይ ከሁሉም የሚጮኸውን ቦታ ፈልጋችሁ አጫውቱት። የኦዳሲቲ መለኪያ ከፍ ሲል ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አድርጉት። ዜሮን ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ መጠገኛ የለውም። ዝቅ ቢል ግን ግድ የለም፤ 24 ቢት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ አንዱን ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳታቋርጡ ቅዱት። ሲያልቅ በየዘፈኑ መጀመሪያ ላይ ኮንትሮልና ቢ እየተጫናችሁ ምልክት አድርጉ፤ ሲወጣ በምልክቱ ተቆራርጦ ይወጣል። ኤክስፖርት ስታደርጉ ዌቭ፣ ሳይንድ 24 ቢት ፒሲኤም የሚለውን ምረጡ።

የካሴቱን ሹሹታ ማጽጃ ኦዳሲቲ ውስጥ አለ። አብዝታችሁ አትጠቀሙበት። ሹሹታው ሲሄድ የዘፋኙን ትንፋሽና የማሲንቆውን ጭረት ይዞ ይሄዳል። እኔ ሹሹታው እንዳለ ይኑር እላለሁ።

ፋይሎቹን አንድ ዓይነት ማድረግ

ዲቪዲ ቪዲዮ 44.1፣ 88.2 እና 192 አይቀበልም። 44.1 የሆነውን ወደ 48፣ 88.2 እና 192 የሆነውን ወደ 96 ትቀይራላችሁ። አንድ ፎልደር ውስጥ ያሉት ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ 48 እና 96 አታደባልቁ።

ፉባር2000 የሚባለው ፕሮግራም ይህን በደንብ ይሠራል። ዘፈኖቹን መርጣችሁ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ኮንቨርት። አውትፑት ፎርማት ዌቭ፣ ቢት ዴፕዙ 24። ፕሮሰሲንግ ውስጥ ሪሳምፕለር ጨምሩና 96000 ወይም 48000 ስጡት። ሌላ ምንም አትጨምሩ፤ ኢኳላይዘርም ድምፅ ማሳደጊያም አያስፈልግም። ሲዲን ወደ 24/96 መንፋት ጥቅም የለውም ብያለሁ፤ ወደ 48 መቀየር ግን ዲስኩ እንዲቀበለው ብቻ ነው።

የፋይሎቹን ስም በላቲን ፊደል፣ 01፣ 02 እያላችሁ በአጭሩ ጻፉ። አማርኛ ስም ዊንዶውስ ላይ ያምራል፤ ቆየት ያሉ ፕሮግራሞች ግን ይደናገራሉ። የዘፈኖቹን ዝርዝር በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሽፋኑ ውስጥ ክተቱ።

ዲስኩን የሚገነባው ፕሮግራም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ኔሮ የሚባለውን የዲስክ መጻፊያ ከፍቶ «ኦዲዮ ሲዲ» ይላል፤ ኔሮም 24 ቢቱን ቀንሶ 16/44.1 ያደርገዋል። ሌላው የቪዲዮ ዲቪዲ መሥሪያ ይከፍታል፤ አብዛኛው እንዲህ ዓይነት ነጻ ፕሮግራም ድምፁን ወደ ኤሲ3 ወይም ኤምፒ2 ይጨምቀዋል። ሁለቱም ዲስክ ይሰጣችኋል፤ ሁለቱም ይጫወታል፤ ሁለቱም ሃይሬዝ አይደለም።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተጻፈው ኤልፕሌክስ ነው። ነጻ ነው፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። የቆየ ፕሮግራም ነው፤ ሲከፈት ያማረ መስኮት አትጠብቁ፤ ጥቁር የትዕዛዝ መስኮት ነው። አያስፈራችሁ። ዌቭ ወይም ፍላክ ያለበትን ፎልደር ጎትታችሁ አዶው ላይ ትጥሉታላችሁ፤ የቀረውን ራሱ ይሠራል። ድምፁን አይነካካም፤ ከዲቪዲው ውስጥ መልሳችሁ ፋይሎቹን እንዳሉ ማውጣት እንድትችሉ የየዘፈኑን የጣት አሻራ ቁጥር ጭምር ያስቀምጣል። ለዚህ ነው ከሌሎቹ የምመርጠው። የቪዲዮውን ዓይነት ፓል አድርጉት፤ እዚህ የምንጠቀመው እሱን ነው።

ሃርድ ዲስካችሁ ላይ ቢያንስ 15 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር፤ ምንጩ፣ መሃል ላይ የሚፈጠረውና የሚወጣው አንድ ላይ ይከማቻሉ። ሲጨርስ ቪዲዮ_ቲኤስ የሚባል ፎልደር፣ ውስጡ ቮብ የሚባሉ ትልልቅ ፋይሎች፣ ወይም ዲስኩን በሙሉ የያዘ፣ አይኤስኦ የሚባል አንድ ፋይል ታገኛላችሁ።

መስኮትና ቁልፍ ያለው ፕሮግራም የሚፈልግ ኦዲዮ ዲቪዲ ክሪየተር የሚባል አለ፤ በክፍያ ነው። ሥራው ያው ነው።

ዲስክ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ቮቡን በቪኤልሲ ክፈቱት። ቱልስ፣ ከዚያ ኮዴክ ኢንፎርሜሽን። ሳምፕል ሬቱ 96000 ወይም 48000፣ ቢቱ 24 ካላለ ተመለሱና ምንጩን እዩ። ዲስክ ከማባከን ይሄ ይሻላል።

በርን

በርን ማለት ዲስኩ ላይ መጻፍ ነው። ዲቪዲ ሲቀነስ አር (DVD-R የሚለውን) ግዙ። ዲቪዲ ሲደመር አርም ይሠራል፤ የድሮ ዴክ ግን ሲቀነሱን ይወዳል። ደጋግሞ የሚጻፍበት፣ አርደብሊው የሚባለው፣ ብርሃን በደካማው ስለሚመልስ አንዳንድ ዴክ አያነበውም። ዘንድሮ ባዶ ዲስክ እንደ ድሮው በየሱቁ አይገኝም፤ ፖስታ ቤትና ፍራንኮ አካባቢ ያሉትን የኮምፒውተር ሱቆች እየዞራችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ፍሬ ገዝታችሁ ሞክሩ፤ ከሠራ ያኔ እሽጉን።

ላፕቶፓችሁ ዲስክ ማስገቢያ ከሌለው የዩኤስቢ መጻፊያ ይሠራል። ሁለት የዩኤስቢ መሰኪያ ያለው ገመድ ከመጣ ሁለቱንም ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ፤ በሃብ በኩል አታድርጉት። ኤሌክትሪክ ሲያንሰው መሃል ላይ ነው የሚቆመው።

መብራት የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው። ዲቪዲ አር መሃል ላይ ከተቋረጠ ተጣለ ማለት ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልታችሁ ጀምሩ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። አቧራውም አለ። ከከተማው ወጣ ብለው ያሉት የነፋስ ተርባይኖች በከንቱ አልተተከሉም፤ ከሰዓት በኋላ መስኮት ከፍታችሁ ዲስክ ጠረጴዛ ላይ ብትተዉ ወዲያው አቧራ ይለብሳል። ባዶውን ከእሽጉ የምታወጡት ትሪው ከተከፈተ በኋላ ይሁን፤ ጠርዙን ይዛችሁ። አቧራ ከነካው በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉት፤ እያዞራችሁ አይደለም።

መጻፊያ ሶፍትዌሩ ኢምግበርን ነው። ከራሱ ገጽ አውርዱት፤ ስትጭኑት እያንዳንዱን ገጽ አንብቡ፤ ሌላ ፕሮግራም ልጨምርላችሁ ካለ እምቢ በሉ። አይኤስኦ ካላችሁ ራይት ኢሜጅ ፋይል ቱ ዲስክ የሚለውን ምረጡ። ፎልደር ከሆነ ራይት ፋይልስ/ፎልደርስ ቱ ዲስክ፤ ቪዲዮ_ቲኤስን ሲያይ ራሱ የዲቪዲ ቪዲዮ ሥርዓት ላስተካክል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የስ በሉት። በዊንዶውስ በራሱ ጎትታችሁ ብትጥሉት ግን ዳታ ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ ዴኩም አያውቀውም።

ፍጥነቱን 4ኤክስ ወይም 8ኤክስ አድርጉ። 16ኤክስ ላይ የሚያተርፉት ደቂቃ ጥቂት ነው፤ ስህተቱ ግን ይበዛል። በ4ኤክስ ሙሉ ዲስክ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ቬሪፋይ የሚለው ላይ ራይት ምልክት ይኑር። ሲጽፍ ሌላ ከባድ ነገር አትክፈቱ፤ ጌም ይቆይ።

ዴኩ ላይ ስታስገቡት

ዲስኩ ገብቶ ሙዚቃው ሲጀምር ሪሞቱ ላይ ዲስፕሌይ ወይም ኦዲዮ የሚለውን ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ኤልፒሲኤም 96 ወይም 48 ኪሎኸርዝ ብሎ ያሳያል። የሚቀጥለውን ዘፈን ቁልፍ ተጫኑ፤ ዘፈኖቹ እንደ ፊልም ምዕራፍ ነው የተቆጠሩት። አንድ ርዕስ እስከ 99 ምዕራፍ ይይዛል፤ ለዘፈን ከበቂ በላይ ነው።

ድምፁ እየተቆራረጠ ከመጣ መጀመሪያ ዲስኩን በኮምፒውተር አጫውቱት። እዚያ ደህና ከሆነ ዴኩ ነው ያላነበበው፤ በሌላ ዓይነት ዲስክ በ4ኤክስ ድገሙት። እዚያም ከተቆራረጠ ሲጻፍ ነው የተበላሸው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለና ምስሉ ብቻ ካለ ዴኩ ዲጂታል ድምፁን የሚልክበትን መስመር እዩ፤ አንዳንድ አምፕሊፋየር በኮአክሲያል 96 አይቀበልም። ሴታፕ ውስጥ ወደ 48 መልሱት ወይም በቀዩና በነጩ ገመድ ሞክሩ።

ዲቪዲ ኦዲዮ ዴክ ላላችሁ

ዴኩ ፊት ላይ ዲቪዲ ኦዲዮ የሚል ምልክት ካለ ዕድለኛ ናችሁ። ከውጭ በመጡ የፓናሶኒክ፣ የዴኖን፣ የፓዮኒርና የኦፖ ማሽኖች ላይ ይገኛል። እዚህ ላይ ስቴሪዮ እስከ 24/192 ይደርሳል፤ 44.1 እና 88.2ም ሳይቀየሩ ይገባሉ። ያልተጨመቀ 24/192 በሰከንድ 9.216 ሜጋቢት ይፈጃል፤ ጣሪያው 9.6 ስለሆነ ለጥቂት ይገባል። ዲስኩ ግን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ነው የሚያልፈው።

ነጻው መሥሪያ ዲቪዲኤ ኦተር ነው፤ ክፍት ምንጭ ነው። የሚከፈልበት ከሆነ የሰርሊንካ ዲቪዲ ኦዲዮ ሶሎ ይታወቃል። ሙዚቃው የሚቀመጠው ኦዲዮ_ቲኤስ ውስጥ ነው፤ ተራው ዲቪዲ ላይ ይሄ ፎልደር ባዶውን የሚገኘው ለዚህ ነው። ተራ ዴክ ኦዲዮ_ቲኤስን ስለማያይ ዲስኩን «አላወቅሁትም» ይላል። ለዘመድ የምትሰጡት ከሆነ ወደ ዲቪዲ ቪዲዮው ተመለሱ።

ማስቀመጥ

የተጻፈ ዲስክ ቀለም ነው ያለው፤ ፀሐይና ሙቀት ይጎዱታል። ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ የአዳማ ቀትር በቂው ነው። ወረቀት አትለጥፉበት፤ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያስታል። በውሃ በሚሠራ የዲስክ ማርከር ላይ ላዩን፣ መሃለኛው ግልጽ ቀለበት ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ ቀኑንና ጥራቱን ጻፉ፦ «24/48፣ የእናቴ ካሴቶች፣ ፊት ሀ»። ዋናዎቹን የዌቭ ፋይሎች ወደ ፍላክ ቀይራችሁ ሁለት የተለያየ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ፍላክ ቦታ ይቆጥባል፤ ድምፁን አይቀንስም። አንዱን ሃርድ ዲስክ እህታችሁ ቤት ብታስቀምጡት ደግሞ የተሻለ ነው።